በቢስክሌት የተወሰደ መርዶ

ከሰመራ ስመለስ ሰው ሁሉ የጠየቀኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው ሙቀቱ ነው። ሁለተኛው ወንድሜ መርዶውን እንዴት ተቀበለ የሚል ነው። የሙቀቱን ያኔውኑ መለስኩ። የሁለተኛውን ይኸው ሰማንያን ካለፍኩ በኋላ ልመልስ ተቀምጫለሁ። ትምህርቴ አራተኛ ክፍል ነው፤ ጽሑፌ እንደ አነጋገሬ ዘገምተኛ ቢሆን አንባቢ ይታገሰኝ። ያኔ በኪስ ደብተር ጫር ጫር ያደረግሁት ስላለ ከዚያ ነው የምገለብጠው።

ጊዜው የደርግ ጊዜ ነው። እኔ ጨርጨር ተራራ ላይ፣ አሰበ ተፈሪ፣ ደብዳቤ አድራሽ ነበርኩ። ቢስክሌቴ ከተማ ውስጥ የሚነዷት ዓይነት አልነበረችም። ጎማዋ ወፍራም ነው፣ ኮርቻዋ ዝቅ ያለ ነው፣ ፍሬኗን ከአሮጌ የመኪና ጎማ ቆርጬ የሠራሁት እኔ ነኝ። በእሷ ፍየል የሚያመነታበትን ቁልቁለት እወርዳለሁ። ዳገት ሲመጣ ደግሞ ተራዋ ነው፤ እሷ እኔ ላይ ትወጣለች፣ በትከሻዬ እሸከማታለሁ። ተራራ ላይ ቢስክሌት መንዳት ግማሹ ይኸው ነው።

አስፋልት ላይ ስለሚነዱ ሰዎች ብዙም በጎ ሐሳብ አልነበረኝም። አልጋው ላይ ተኝቶ አገር ዞርኩ የሚል ሰው ይመስሉኝ ነበር።

እናታችን በጥር መጨረሻ አረፈች። ታናሽ ወንድሜ ጌታሁን ያን ጊዜ ሰመራ በመንገድ ሥራ ካምፕ ግሬደር ይነዳል። ሰመራ እንደዛሬው ከተማ አይደለችም፤ ጥቁር ድንጋይ፣ ነፋስና ጥቂት ቆርቆሮ ቤት ናት። መርዶ ደግሞ በእኛ ወግ በደብዳቤ አይላክም፣ በስልክም አይነገርም። ዘመድ የሞተበት ሰው ምንም ሳይሰማ በልቶ ያድራል፤ ጎህ ሲቀድ ሽማግሌዎች ይሰበሰቡና የቤቱ ታላቅ በቃሉ ያረዳዋል። እስከዚያ የሚያውቅ ሁሉ ደህና ናት እያለ ይዋሻል። ኃጢአት አይባልም። የቤቱ ታላቅ እኔ ነኝ። አርባዋ ሳይደርስ ሰመራ መገኘት ነበረብኝ፤ ከዚያ በላይ ግን ጌታሁን ከሌላ ሰው አፍ ሳይሰማ መገኘት ነበረብኝ።

በቢስክሌት ለምን ሄድክ ለሚለኝ መልሱ አጭር ነው። ቤንዚን በኩፖን ነው፣ አውቶቡስ የለም። የቀበሌያችን ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት ሲጽፍልኝ በምን እንደምሄድ ጠየቀኝ። በቢስክሌት አልኩት፤ ቀልዴን ነበር። እሱ ግን ጻፈው። «ግለሰቡ በቢስክሌት ወደ ሰመራ እንዲጓዙ» ብሎ ማኅተም አሳረፈበት። ማኅተም ካረፈ በኋላ ቀልድ የለም።

ቅዳሜ።

ከአሰበ ተፈሪ እስከ አዋሽ ድንጋይ ነው፤ ደስ ብሎኝ ወረድኩ። ዓይኔ ከመሬቱ አልተነሳም። አንዱን ድንጋይ ስትሸሽ ሌላው ይጠብቅሃል፣ ሥራ አትፈታም። እናቴ ከሞተች ወዲህ ሳላስባት የዋልኩት ያን ቀን ነው።

አዋሽ ደርሼ ከአንድ ሻይ ቤት በር ላይ ቢስክሌቴን ፀሐይ ላይ አቆምኩ። የአገሬ ብርድ ላይ ድንጋይ እስኪመስል የነፋሁት ጎማ ገና ሻዬን ሳላማስል ፈነዳ። ከኬላው ጠመንጃ የያዙ ሁለት ልጆች እየሮጡ መጥተው ማን ተኮሰ አሉ። ጎማ ነው አልኩ። አንደኛው ጎማውን አይቶ፣ ወረቀቴን አይቶ፣ የጉዞዬን ምክንያት ጠየቀኝ። የቤተሰብ ጉዳይ አልኩት። ምን ዓይነት ቢለኝም ከዚያ አላለፍኩም። ለአንዱ ኬላ የነገሩት በየኬላው ይዞራል፤ አፌን ዘጋሁ። በራሴም ኮራሁ።

ከጎኔ የተቀመጠ የባቡር ሠራተኛ የጎማውን ውስጠኛ ላስቲክ፣ ካላማዳሪያውን፣ አብሮኝ ለጠፈ። ከዚያ ቢስክሌቷን ዞር ዞር ብሎ አያትና ኮርቻዋን ከፍ እንዳደርግ መከረኝ፤ አስፋልት ላይ እንደዚህ ዝቅ ብለህ ከነዳህ ጉልበትህ አገጭህን ይመታዋል አለ። ሃያ ዓመት የነዳሁበት ኮርቻ ነው ብዬ እምቢ አልኩ። ማታ ፓስታ በላን። የእኛ አገር ሰው ፓስታ ሲበላ ከሹካው ጋር ይጣላል፤ አዋሽ ግን ባቡር ያስለመደው ነገር ስለሆነ ሕፃኑም ይጠቀልለዋል።

እሁድ።

አስፋልት። ስለ አስፋልት እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያው ሰዓት ደስ ይላል። ፔዳሉን አንዴ ረገጥ ስታደርግ አስር ርምጃ ትሄዳለህ፤ ያልሠራሁበት ነገር የተሰጠኝ መሰለኝ። በሁለተኛው ሰዓት ግን ምንም የሚታይ ነገር የለም። ድንጋይ የለ፣ ጉድጓድ የለ፣ ዝም ብሎ ይሄዳል። ዓይን ሥራ ሲፈታ ልብ ሥራ ይይዛል። እናቴ መጣች። ታማ ሳለ ውሃ ጠይቃኝ ቀዝቃዛ ነው ብዬ እስካሞቀው ሳትጠጣ መተኛቷ ትዝ አለኝ። ተራራ ላይ እንዲህ ያለ ነገር ቢመጣብኝ ገደል እገባ ነበር። እዚህ ግን ሰው እያለቀሰም መንዳት ይችላል።

እኩለ ቀን ገደማ አንድ የአፋር ሽማግሌ ከመንገዱ ዳር ዱላውን ከፍ አደረገ። ቁልቁለት ላይ ስለነበርኩ፣ ፊቴም እንዳይታይ ስለፈለግሁ፣ እጄን አውለብልቤ አለፍኩት።

ማታ መተካ ደረስኩ። ያደርኩበት ሻይ ቤት ባለቤት ሰይድ የሚባል የወሎ ሰው ነው። ሳልጠይቀው ክርስቲያን መሆኔን አውቆ ሥጋውን ትቶ ሽሮ አቀረበልኝ። አልጋውም ውጭ ነው፤ በእኛ አገር ውጭ የሚተኛ ከሚስቱ የተጣላ ነው፣ እዚያ ግን ቤት ውስጥ የሚተኛ የታመመ ብቻ ነው። እየበላሁ ሳለ ሰይድ እንዲህ አለኝ፤

«ጋሼ፣ ዛሬ አንድ ሰው በሁለት ጎማ መጥቶ ዳጉ ሳይሰጥ አለፈ ይላሉ።»

እኔ ሳልደርስ ወሬዬ ደርሷል። በጭነት መኪና የመጣ ሰው ነው ያመጣው። ዳጉ ምን እንደሆነ ጠየቅሁት። እዚህ አገር፣ አለኝ፣ ሰው ሰውን መንገድ ላይ ካገኘ ቁጭ ይላል። ያየውን የሰማውን አንድ ሳያስቀር ይናገራል፣ ሌላውም በተራው ይናገራል። ዝናብ የት እንደጣለ፣ ማን እንደታመመ፣ የማን ግመል እንደጠፋ፣ ሁሉን። ውሸት የቀላቀለበት ሰው ስሙ ይጠፋል። ሳይናገር የሚያልፍ ግን ወይ ሌባ ነው፣ ወይ ምንም የማያውቅ ምስኪን ነው።

«እኔን ከሁለቱ የትኛው ነው አሉኝ?»

«ገና አልወሰኑም፤» አለ ሰይድ።

አፈርኩ። ተራራ ላይ እኔ ሰላም ሳልል የማልፈው ሰው የለም። ዳገቱ ራሱ ያቆምሃል፤ እስክትተነፍስ የሰውየውን ከብትና ልጅ ትጠይቃለህ። ከነገ ጀምሮ ዱላ ያነሳ ሁሉ ያቆመኛል ብዬ ወሰንኩ።

ሰኞ።

ከመተካ ብዙም ሳልርቅ አንድ ሽማግሌ ከግራር ጥላ ሥር ተነሳ። ቆምኩ። ስሙ ሐመዱ ይባላል፤ ከከብት ነጋዴዎች አማርኛ ለምዷል። አማርኛው አንቱ የሚባል ነገር የለውም፤ ንጉሥም ቢመጣ አንተ ነው። ወተት ሰጠኝ። በእኛ እምነት የግመል አይጠጣም፤ የምን ወተት እንደሆነ ጠየቅሁት። ፊቴን አየና የፍየል ነው አለኝ። የፍየል ነው ብዬ ጠጣሁ። በአካባቢው ፍየል አላየሁም።

ከዚያ ዳጉ ተጀመረ። ስለ ዝናብ ጠየቀኝ፣ የአገሬን ነገርኩት። ስለ ሣር ጠየቀኝ፣ ስለ አዋሽ ኬላ ጠየቀኝ፣ ስለ ገበያ ጠየቀኝ። ስለፈነዳው ጎማ ስነግረው ሁለት ጊዜ አስደገመኝ። በመጨረሻ፣

«ማን ሞተ?» አለኝ።

እንግዲህ ለጌታሁን የምዋሸውን ውሸት ከቤቴ ጀምሬ ስለማመድ ነበር። «እናታችን ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች» የሚል ነው። ለኬላ ጠባቂውም አፌን ዘግቻለሁ። ለዚህ ሽማግሌ ግን አልተዘጋጀሁም። ደግሞ ወተቱን ጠጥቼለታለሁ።

«እናቴ፤» አልኩት።

ስንት ቀን እንደታመመች ጠየቀኝ። የት እንደተቀበረች፣ አስከሬኗን ማን እንዳጠበ፣ ማን እንደቀረ። ሁሉን ነገርኩት። ከልቡ የሚያዳምጥ ሰው ሲጠይቅህ ማቆም ያስቸግራል። ውሃውን እያሞቅሁ እንደተኛችም ነገርኩት፤ ለሚስቴም አልነገርኳትም ነበር። ልጆቿ ስንት ናቸው አለኝ፣ ሁለት ነን አልኩ። ሁለተኛው የት ነው አለኝ፣ ሰመራ ካምፕ፣ ጌታሁን፣ ግሬደር ነጂ አልኩት።

«ሰምቷል?»

ያን ጊዜ ነው የነቃሁት። አልሰማም፣ እኔ ነኝ የምነግረው፣ በወጋችን በታላቅ አፍ ነው የሚነገረው፣ አደራ ለማንም እንዳትናገር አልኩት።

ሐመዱ «እናቱ ሞታ፣ እሱ ዛሬ ይስቃል?» አለ። «ይህ ጥሩ አይደለም።»

ተነስቶ ለእናቴ ጸለየላት። ከዚያ ወደ አሰብ የሚሄድ የጭነት መኪና መጣ፣ ዱላውን አነሳ፣ መኪናው ቆመ። በዚያ መንገድ የአፋር ሽማግሌ ዱላ ሲያነሳ የማይቆም ሾፌር የለም። ሐመዱ ከላይ ጭነቱ ላይ ተቀምጦ እጁን አውለበለበልኝ። ሊረዳኝ ነው ወደ ሰመራ የሄደው።

እኔም ቀጥሎ የመጣውን መኪና በሁለት እጄ ለምኜ አስቆምኩ። ሾፌሩ ደግ ሰው ነው፤ ጉዳዬን ሰምቶ ከንፈሩን መጠጠ። ግን ወረቀቴን አነበበው።

«ወንድሜ፣ እዚህ ላይ በቢስክሌት ነው የሚለው። ብጭንህ ገዋኔ ኬላ ላይ ሁለታችንም እንወርዳለን።»

ቢስክሌቷ ላይ ቁጭ ብዬ ብጫንስ አልኩት። ሞተሩን ሳያጠፋ አሰበበት። ከዚያ ሁለት ብርቱካን ሰጥቶኝ ሄደ።

ገዋኔ ስገባ ጉልበቴ አልታጠፍ ብሎ ነበር። ከእንጀራው በፊት መፍቻ ተውሼ ኮርቻውን ከፍ አደረግሁት። ማንም እንዳያየኝ ከቤቱ ጀርባ ሄጄ።

ማክሰኞ።

እንግዲህ ይህን ቀን እንዴት እንደምጽፈው አላውቅም። የባቡር ሠራተኛው እውነቱን ነበር። ኮርቻው ከፍ ሲል እግሬ ተዘረጋ፤ ነፋሱም ከኋላዬ ነበር። ጠዋት ከገዋኔ እስከ አዳይቱ የነዳሁት አነዳድ በዕድሜዬ የለም። ከፊቴ ወሬ ይሮጣል፣ እኔ ወሬውን እከተላለሁ፤ አስፋልቱም እንደዚያ ቀን ወገኔ ሆኖ አያውቅም። አንድ ቦታ ላይ ስዘፍን ራሴን ሰማሁት። የእናቱን መርዶ የያዘ ሰው ይዘፍናል? ዝም አልኩ። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ ስዘፍን ሰማሁት።

ዱላ ላነሱት ሁሉ ግን ቆምኩ። ዳጉ ሰጠሁ፤ አሳጥሬ። ስለ ሞት ሲጠይቁኝ «ሰምታችኋል» እላለሁ። ሰምተዋል።

ረቡዕ።

ከአዳይቱ እስከ ሚሌ ነፋሱ ዞሮ ከፊት መጣ። አስፋልቱ ከመጋሉ የተነሣ ማስቲሹ ቀለጠ፣ አዋሽ ላይ የተለጠፈው ልጥፍ ተላቀቀ። ቢስክሌቷን እየገፋሁ ገባሁ። በአገሬ ብሆን ሦስት ዛፍ ሥር አርፌ፣ ከአንዱ ምንጭ ጠጥቼ ነበር። እዚህ ጥላ የሚባለው የራስህ ነው፣ እሱም እኩለ ቀን ላይ ይጠፋል።

ሚሌ ላይ አንድ ጎሚስታ የጭነት መኪናውን ጎማ አቁሞ የእኔን ሠራልኝ። ልከፍል ወደ ኪሴ ስገባ እጄን ያዘው።

«ተው፣ ሐዘንተኛ አይከፍልም። አላህ ይርሃማት፤» አለኝ።

እኔ ምንም አልነገርኩትም ነበር። ወሬው ሚሌን አልፏል ማለት ነው። በዚያን ቀን ሻይ ቤት ውስጥ የማላውቃቸው ሰዎች እየመጡ እጄን ጨበጡ። ጾም ስለሆነ ዳቦና ሻይ ብቻ ነው የምበላው ስል አንዲት ሴት ምስር ቀቅላ መጣች። ለእኔ ሐዘን ይህን ያህል ሰው አገሬም ላይ አልመጣም፤ አንድም ሰው ግን ባይመጣ እመርጥ ነበር።

ሐሙስ።

ሎጊያን ከሰዓት በኋላ አለፍኩ። ከዚያ ሰመራ ቅርብ ነው። ኮርቻው ላይ ሆኜ ውሸቴን እንደ ጸሎት እደግመዋለሁ፤ ደህና ናት፣ ሰላም ብላሃለች፣ ደህና ናት።

ጌታሁን ካምፑ በር ላይ ቆሞ ነበር። አቀፈኝ። ከስቷል፣ ጠቁሯል። «ጋሼ፣ በዚህች ቢስክሌት!» ብሎ ሳቀ። ሲስቅ ሳይ ልቤ ወደ ቦታው ተመለሰ። ከካምፑ ሻይ ቤት ጥላ ሥር ግን ሐመዱ ተቀምጧል። ሐመዱ «ደረስክ» አለኝ፤ ከዚያ ሌላ አንድ ቃል አልተናገረም። ዳጉም አልጠየቀኝም። አደራዬን ጠበቀ ብዬ ጠጋ ብዬ አመሰገንኩት። እሱ መሬት መሬቱን አየ።

ጌታሁን እግሬን አጠበልኝ። ስለ ሚስቴ ጠየቀኝ፣ ስለ ልጆቼ፣ ስለ ጎረቤት፣ ስለ ቀይዋ ላም። ስለ ፈነዳው ጎማ ነገርኩት። በሉ ሲባል በላን። እኔ ውሸቴን አፌ ላይ አዘጋጅቼ እጠብቃለሁ፣ እሱ ግን ስለ እናታችን አንድ ጊዜም አልጠየቀኝም። እውነቱን ለመናገር ቅር አለኝ። ቆላ ሰውን ያስረሳል የሚሉት እውነት ነው ብዬ አሰብኩ። ያን ስሜቴን ይዤ ተኛሁ።

ዓርብ።

የካምፑን ዘበኛ ሁለት ሽማግሌ ጎህ ሲቀድ ጥራልኝ ብዬው ነበር። ስነሳ ስምንት ሰው ተቀምጧል፣ ሐመዱም አለ። በጓሮው ሸራ ተወጥሯል፤ ለምንድነው ብል ለፀሐይ ነው አሉኝ። ፀሐይ ገና አልወጣችም። ጌታሁን በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሶ ከፊቴ ተቀመጠ።

«ጌታሁን፣» አልኩ፣ «እናታችን…»

ከዚያ በላይ አላስጨረሰኝም። እንደ ልጅነቱ አለቀሰ። እኔም እንደ ወግ አለቀስኩ፣ ቀጥሎ ደግሞ ከወግ ውጭ አለቀስኩ። ሰዎቹ ሁሉ እንዲህ ዝግጁ ሆነው መገኘታቸው የቆላ ሰው ደግነት ነው አልኩ። እኔ ቀድሜ የደረስኩ፣ ወሬው ሚሌ ላይ የቀረ መሰለኝ። ሦስት ቀን ተቀመጥን። ጌታሁን ለአርባዋ ፈቃድ ጠይቆ በካምፑ መኪና እንደሚመጣ ተስማማን። ሚሌ ድረስ ላድርስህ አለኝ። ወረቀቱ በቢስክሌት ነው የሚለው አልኩት።

መልስ።

ስድስት ቀን የፈጀብኝ መንገድ ስመለስ አስራ አንድ ቀን ፈጀብኝ። ዱላ ላነሳ ቆምኩ፣ ላላነሳም ቆምኩ። ሁሉን ከመጀመሪያው ነገርኩ። ኮርቻውን ዝቅ አላደረግሁትም።

መተካ ሰይድ ዘንድ ሳርፍ አንድ ሽማግሌ ከበሩ ላይ ቆሞ ዱላውን ከፍ አደረገ። አወቅሁት፤ እጄን አውለብልቤ ያለፍኩት የእሁዱ ሰው ነው። ተነሥቼ አጠገቡ ቁጭ አልኩ። አማርኛ አያውቅም፣ ሰይድ አስተረጎመልን። ያን ቀን ለምን እንዳልቆምኩ ነገርኩት፤ እያለቀስኩ ነበር አልኩ። ራሱን ነቀነቀ። ከዚያ ተራው የእሱ ሆነ። ስለ ዝናብ ተናገረ፣ ስለ አንድ ግመል ተናገረ። ቀጥሎ የተናገረውን ሰይድ ቃል በቃል እያቆመ ነገረኝ።

«ሰመራ አንድ ግሬደር የሚነዳ ሰው አለ። ማክሰኞ ሐመዱ እናቱ መሞቷን ነገረው። ሰውየው ብቻውን ወደ ጥቁሩ ድንጋይ ሄደ፣ ፀሐይ እስክትጠልቅ አልተመለሰም። ሲመለስ ሰዎቹን ሰበሰበ። ታላቅ ወንድሜ በሁለት ጎማ እየመጣ ነው፣ በአገራችን የሚናገረው ታላቅ ነው፣ እስኪናገር ማንም አይናገር አለ። ሐመዱን ዝም በል አለው። ሐመዱ በዕድሜው ዝም ብሎ አያውቅም፣ ግን ዝም አለ።»

ማክሰኞ። ማክሰኞ እኔ አዳይቱ መንገድ ላይ እዘፍን ነበር።

ሰይድን አንድ ነገር ጠይቅልኝ አልኩት። ሰውየው ሐሙስ ማታ ወንድሙን ስለ እናቱ ለምን አልጠየቀውም? ሽማግሌው ጥያቄው እንግዳ ሆነበት፤ መልሱ ግልጽ ነው የሚል ፊት ነበረው።

«ቢጠይቀው ወንድሙ መዋሸት ሊኖርበት ነው፤» አለ ሰይድ። «እንዳያስዋሸው ነው ይላል።»

በማግሥቱ አዋሽ ገባሁ፤ ከዚያ ማዶ ድንጋዩ ሲጀምር ወርጄ ኮርቻውን ዝቅ አደረግሁት። ዳገቱ ላይ ቢስክሌቴን ተሸከምኩ። ዓይኔ ድንጋዩ ላይ ነበር፣ እናቴም አብራኝ ነበረች፤ ገደል አልገባሁም። አስፋልት ላይ ስለሚነዱ ሰዎች ከዚያ ወዲህ ክፉ ተናግሬ አላውቅም። እንደገና ንዳበት ብትሉኝ ግን ወረቀቱን ሌላ ሰው ይጻፈው።

ጌታሁን ለአርባዋ መጣ። እሱ ማክሰኞ መስማቱን አልነገረኝም፣ እኔም ማወቄን አልነገርኩትም። ይኸው እሱም አርጅቷል፣ ዓይኑም ደክሟል፣ ልጁ ናት የምታነብለት። ይህን ካነበበችለት፣ ሰማ ማለት ነው።